የብርድ ሥራና የጠፈር በረዶ ኬሚስትሪ

በከዋክብት መካከል በተንሰራፉት ጥቁር ደመናዎች ውስጥ ያለው በረዶ ምን ዓይነት ኬሚካዊ ለውጥ እንደሚካሄድበት የሚመረምረው ሳይንስ ከቴሌስኮፕ ይልቅ ለማቀዝቀዣ ማሽን ባለዕዳ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ማሽኑን ለንግድ ካስፋፉት አንዱ፣ ጀርመናዊው ካርል ፎን ሊንደ፣ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አሞኒያ የተባለውን ጋዝ እያመቀ ብርድ የሚፈጥር መሣሪያ ሠራ። በሞቃት ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚያልፍበት በደቡብ ምዕራብ ሳዑዲ ዓረቢያ የቀይ ባሕር ዳርቻ በሆነው በቲሃማ ቆላ፣ በጂዛንና በሳብያ ከተሞች ዙሪያ፣ ትኩስ ዓሣ ከባሕር ዳር ርቆ ሊሸጥ የሚችለውም በማሽን በተሠራ በረዶ ነው። ያው አሞኒያ ኋላ ከጠፈር በረዶ ንጥረ ነገሮች አንዱ ሆኖ ተገኝቷል።

ብርድን ከዚህ እጅግ ያራቀው የሆላንዱ የላይደን ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ ሃይከ ካመርሊንክ ኦነስ ጁላይ 10 ቀን 1908 ሂሊየምን ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ላይ ወደ ፈሳሽነት ለወጠው።

የጠፈሩ በረዶ ጉዳይ የተከፈተው ቆይቶ ነው። ፍሬድ ዊፕል በ1950 የጅራታም ኮከቦች እምብርት ከአቧራ ጋር የተቀላቀለ በረዶ ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ በ1973 ደግሞ ጂሌትና ፎረስት በኦሪዮን አቅጣጫ የውሃ በረዶ ምልክት አገኙ። ምልክቱ የተገኘው ዓይን በማያየው በታሕተ ቀይ ብርሃን ውስጥ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሞለኪውል ከዚህ ብርሃን የራሱን ድርሻ ስለሚውጥ ከጎደለው ብርሃን ማንነቱን መለየት ይቻላል።

ሆኖም የጎደለውን ብርሃን ለማንበብ የሚነጻጸርበት ናሙና ያስፈልግ ነበር። አሜሪካዊው ማዮ ግሪንበርግ በ1975 ወደዚያው ወደ ላይደን ተዛውሮ ቤተ ሙከራ አቋቋመ። አየሩ ተመጥጦ በወጣበት ክፍል ውስጥ ከዜሮ በታች 263 ዲግሪ ገደማ በቀዘቀዘ ገጽ ላይ የውሃ ተን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ አሞኒያና ሜታኖል ይረጫሉ፤ በዚህ ብርድ ውሃው ክሪስታል ሳይሠራ፣ ሥርዓት በሌለው አቀማመጥ ይጋገራል። ከዚያ ላዕለ ሐምራዊ ብርሃን ይወርድበትና ቀስ እያለ ይሞቃል፤ በጠፈር በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት የሚዳረሰውን ብርሃን መሣሪያው በሰዓታት ያወርደዋል። ተለዋዋጮቹ ተንነው ሲያበቁ ብጫ ቅሪት ይቀራል።

በማርች 2002 አሜሪካዊና አውሮፓዊ ቡድኖች ከዚህ ቅሪት አሚኖ አሲዶች፣ ማለትም የፕሮቲን መገንቢያ አሃዶች፣ ማግኘታቸውን በአንድ መጽሔት አንድ እትም አወጁ፤ አውሮፓውያኑ 16 ዓይነት ቆጠሩ። ሕይወት በጠፈር ተሠራች የሚለው የጋዜጦች ጩኸት የመነጨው ከዚህ ቢሆንም ውጤቱ ያን ያህል አይሸከምም፤ ምክንያቱም አሚኖ አሲዶቹ የታዩት ቅሪቱ በአሲድ ከተቀቀለ በኋላ በመሆኑ፣ በበረዶው ውስጥ ተሠርተው የቆዩት እነሱ ራሳቸው ይሁኑ ወይስ ሊወልዷቸው የሚችሉ ውሁዶች፣ አከራካሪ ነው። ይልቅስ የሚያጽናናው ከአሚኖ አሲዶች ቀላሉ፣ ግላይሲን፣ በ2006 ወደ ምድር በተመለሰው የስታርደስት መንኮራኩር ናሙና፣ በ2016 ደግሞ በሮዜታ መንኮራኩር ልኬት በጅራታም ኮከቦች ላይ መገኘቱ ነው።

በ2023 የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ በካሚሊየን ህብረ ኮከብ ጥቅጥቅ ደመና ውስጥ ውሃ፣ አሞኒያ፣ ሚቴንና ሜታኖል ያለበትን በረዶ ለየ። የተለየውም እንዲህ ባሉ ቤተ ሙከራዎች ለብዙ ዓመታት ከተመዘገቡ የበረዶ ልኬቶች ጋር በማነጻጸር ነው።