ትከሻና መንገድ

ጊዮርጊስ አደባባይ ላይ የቆሙት ምኒልክ ፈረሰኛ ናቸው። ፈረሱ የፊት እግሮቹን አንሥቷል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ኮርቻው ላይ ተደላድለዋል። ሐውልቱ የተመረቀው በጥቅምት 1923 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን ከሥፍራው አነሣው፤ ከነፃነት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። በአራዳ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል።

ሐውልቱ የማይነግረን አንድ ነገር ግን አለ። ምኒልክ የመጨረሻዎቹን አራት ዓመታት ያሳለፉት ፈረስ ላይ አልነበረም። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ከባድ ሕመም ጣላቸው፤ ሰውነታቸው አልታዘዝ አለ፣ አንደበታቸውም ተያዘ። እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም.፣ እስኪያርፉ ድረስ፣ በሰው እጅ ነበሩ። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ ሲገባ በጉጉት የተቀበሉት ሰው፣ ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ የሌላ ሰው ክንድ የሚጠብቁ ሆኑ።

ይህን የማነሣው የንጉሡን ክብር ለመቀነስ አይደለም። ከተማዋን የቆረቆረው ሰው ራሱ መራመድ ካቃተው፣ መራመድ ያልቻለ ሰው በዚህች ከተማ እንዴት ይጓዝ እንደነበር መጠየቅ ተገቢ ነው ብዬ ነው። የጋሪው፣ የባቡሩ፣ የአውቶቡሱ ታሪክ ተጽፏል። የሚሳፈሩበትን ደረጃ መውጣት ያልቻሉት ሰዎች ታሪክ ግን በየገጹ ግርጌ እንኳ አይገኝም።

መልሱ በአንድ ቃል ያልቃል፤ ትከሻ።

አገራችን መራመድ ለማይችል ሰው የሠራችው የመጀመሪያው ተሽከርካሪ ጎማ የለውም። ቃሬዛ ይባላል። ሁለት ወራጅ እንጨት፣ መሀሉ በጠፍር ወይም በገመድ የተወጠረ፣ ከላይ ጋቢ ጣል የተደረገበት። አራት ሰው ይነሣል፣ አራቱ ሲደክም ሌላ አራት ይተካል። እንዲህ እየተቀባበሉ ገደል ወርደው፣ ወንዝ ተሻግረው፣ ሕመምተኛን ጤና ጣቢያ ወይም ጸበል ያደርሳሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሥርዓት ነው፣ ወረፋ አለው፣ የቀረ ሰው ይወቀስበታል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውም ተረት ከዚሁ ኑሮ የወጣ ይመስለኛል።

ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ይህን ተረት ለተማሪዎቼ ስሰጣቸው ሁሉም ስለ ኅብረት ይጽፉልኝ ነበር። ደግ ነው። ግን እስቲ መለስ ብለን እንየው። ተረቱ የሚናገረው ስለ ተሸካሚዎቹ ነው፤ ስለ አንዱና ስለ ሃምሳው። ሎሚው ምን እንደተሰማው የሚጠይቅ የለም። ሎሚው ወዴት መሄድ እንደሚፈልግማ ጭራሽ!

ወደ አራዳ እንመለስ። ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ለዓድዋ ድል መታሰቢያ የተሠራ፣ ስምንት ማዕዘን ያለው ሕንፃ ነው። ዘውዲቱ በ1909፣ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚሁ ነው። ወደ ቅጽሩ የሚገባ ሰው ደረጃ ይወጣል። በደጀ ሰላሙ ተቀምጠው እጃቸውን የሚዘረጉትን ከልጅነታችን ጀምሮ አይተናል፤ ለምን ታች እንደተቀመጡ ግን ጠይቀን አናውቅም። አንዱ ምክንያት ድህነት ነው። ሌላው ግን ደረጃው ነው።

ከደረጃው ዝቅ ብሎ ያለው ጎዳናም ከዚህ የተሻለ አልነበረም። ጋሪ መጣ፤ እርከኑን ረግጦ ለሚወጣ። በ1930ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ አውቶቡስ መጣ፤ ከመሬት ከፍ ያለ ወለል፣ ጠባብ በር፣ ግፊያ። ቀጥሎ ሰማያዊና ነጭ የተቀባችው ፊያት ሴይቼንቶ መጣች። እሷ እንኳ ከሁሉም ትሻል ነበር፤ ዝቅ ያለች ናት፣ ደጅህ ድረስ ትመጣለች። ግን በሯ ሁለት ብቻ ነው፣ ከኋላ ለመግባት የፊቱ ወንበር መታጠፍ አለበት። ተሽከርካሪ ወንበሩስ የት ይግባ? ሞተሯ ከኋላ፣ ዕቃ መያዣዋ ከፊት ነው፤ እሱም ከአንድ ሻንጣ ብዙ የሚበልጥ አይችልም።

በደርግ ጊዜ «ውይይት» መጣች፤ ተሳፋሪው ፊት ለፊት እየተያየ የሚቀመጥባት፣ ከኋላ ተንጠልጥለው የሚገቡባት። እሷን ተከትሎ ሚኒባሱ ነገሠ። ሚኒባስ ውስጥ ወንበሩ ታጥፎ ቢገባ እንኳ ሒሳብ ይጠየቅበታል። «የሰው ቦታ ይዟል» ይላል ረዳቱ። በፍርድ ቤት ቢሟገት ይረታ ይሆናል፤ ቦታ በእርግጥ ይዟል። ነገር ግን የእኔና የአንተ እግር ሒሳብ ተጠይቆበት አያውቅም።

በ2008 ዓ.ም. የቀላል ባቡሩ የሰሜን–ደቡብ መስመር ከቃሊቲ ተነሥቶ እስከ ምኒልክ አደባባይ ደረሰ። በከተማዋ ታሪክ ወለሉ ዝቅ ብሎ ከመሳፈሪያው መድረክ ጋር እንዲገናኝ ታስቦ የተሠራ የሕዝብ ማጓጓዣ ማየት ትልቅ ለውጥ ነበር። ለከፍተኛዎቹ ጣቢያዎች አሳንሰር ተገጠመ። የአሳንሰሮቹ አገልግሎት ግን ይቆራረጥ ነበርና፣ ባቡሩ ውስጥ ለመግባት ትከሻ ያላስፈለገው ሰው ባቡሩ ጋ ለመድረስ ትከሻ አስፈለገው። ሰንሰለት አንዱ ቀለበት ከተበጠሰ የቀረው ቢጠነክር ምን ይረባል?

አንድ ወዳጅ አለኝ። ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር ነው፤ ያደገው ከፒያሳ ጀርባ፣ ዶሮ ማነቂያ አካባቢ ነው። ፖሊዮ እግሮቹን የወሰደው በልጅነቱ ነው። ወር በገባ በ23 የሠፈር ልጆች ወንበሩን ከነሱ አንሥተው የጊዮርጊስን ደረጃ ያወጡት ነበር። የሚያነሡት ልጆች ያድጋሉ፣ ያገባሉ፣ ታናናሾቻቸው ይተካሉ። እንዲህ እያለ አርባ ዓመት አለፈ። «እኔ እኮ ጊዮርጊስን የማውቀው በትውልድ ነው» ይለኝ ነበር እየሳቀ፤ «አሁን አምስተኛው ትውልድ ነው የሚሸከመኝ።»

ይህ ሰው ሆስፒታል ሄዷል፤ ተሸክመውታል። ለቅሶ ደርሷል፤ ተሸክመውታል። ሠርግ ሄዷል። አንድ ቦታ ግን ሄዶ አያውቅም ነበር፤ ለሽርሽር። ለምን ብዬ ጠየቅኩት። «ለችግር ትከሻ ይገኛል» አለኝ። «ለመዝናናት ተሸከሙኝ ተብሎ ይለመናል እንዴ?»

ሰው ሁሉ ከሕክምናና ከለቅሶ ሌላ ደግሞ ያለ ምክንያት መሄድ ያምረዋል። ውሃ ለማየት፣ ነፋስ ለመቀበል። ያለ ምክንያት መሄድ ያልቻለ ሰው በአግባቡ ነፃ ነው ሊባል አይችልም። የመንገድ ነገር የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ።

በጥር 2011 ዓ.ም. ይህንኑ ሰው እንደምንም አሳምነን ባሕር ዳር ወሰድነው። አርባ ዓመት ስለ ጎንደር ነገሥታትና ስለ ጣና ገዳማት አስተምሮ ሐይቁን አይቶት አያውቅም። ጣና ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ ውሃ ነው፤ ደሴቶቹ ሠላሳ ሰባት ናቸው ይባላል። እዚያ ታክሲው ጀልባ ነው። ዘጌ መሄድ የፈለገ በሞተር ጀልባ ይሳፈራል፤ የአገሬው ሰውም ከደንገል በተሠራ ታንኳ ዓሣውንና እንጨቱን ይዞ ይመላለሳል።

ጀልባ ለተሽከርካሪ ወንበር ከሚኒባስ ይከፋል። ሚኒባስ ቢያንስ ቆሞ ይጠብቃል፤ ጀልባ ይዋልላል። የድንጋዩ መሳፈሪያ ከፍ፣ ጀልባው ዝቅ ብሎ መሀላቸው ውሃ ነው። በዚያ ላይ ሐይቁ ራሱ በአንድ ከፍታ አይረጋም። ከክረምት ማግሥት ይሞላል፣ ዝናብ እስኪመጣ ይጎድላል፤ ልዩነቱ ከአንድ ሜትር ይበልጣል። በመስከረም ከጀልባው ጋር የተካከለ መሳፈሪያ በግንቦት ግድግዳ ይሆናል ማለት ነው።

አራት ወጣቶች መጡ። «አይዞዎት ጋሼ፣ ላባ ነዎት!» ብለው ብድግ አደረጉት። እግዚአብሔር ይባርካቸው፣ አንድ ጠብታ ውሃ አላስነኩትም። ዘጌ ስንደርስ እንደገና አውርደው ድንጋዩ ላይ አስቀመጡት። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን በቡናው ጫካ ውስጥ በእግር የሚወጣ መንገድ አለው። «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ውሃውን ልይ» አለ። አብሬው ቀረሁ። ሲመሽ ጀልባ ነጂው ሌላ ደሴት በነገው ቀን ሊወስደን ሲነግረን ወዳጄ አመስግኖ እምቢ አለ። ልጆቹ አንድም የመሰልቸት ፊት አላሳዩትም ነበር፤ ምን ነካህ አልኩት።

«የነሱ ትከሻ አልደከመም» አለኝ። «የኔ 'እግዜር ይስጥልኝ' ነው ያለቀው። ለአንድ ሽርሽር አራት ጊዜ፤ መሳፈር፣ መውረድ፣ መሳፈር፣ መውረድ። ደግሞ ለነገ አላተረፍኩም።»

እዚህ ላይ «ምን ይደረግ፣ ውሃ ነው» የሚል ይኖራል። ግን መላ የሌለው ነገር አይደለም። ቬኒስ የምትባለው የጣሊያን ከተማ መንገዷ ውሃ ነው፤ ከአራት መቶ በላይ ድልድዮች አሏት፣ አብዛኞቹም ባለ ደረጃ ናቸው። በዚያች ከተማ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ደረጃውን ሽሽት የሚሳፈረው ጀልባ ላይ ነው። ቫፖሬቶ የሚሉት የሕዝብ ጀልባ የሚቆመው ተንሳፋፊ መድረክ ጎን ነው፤ ውሃው ሲሞላ መድረኩም አብሮ ከፍ ይላል፣ ሲጎድል አብሮ ይወርዳል። በመድረኩና በጀልባው መሀል ያለው ከፍታ እምብዛም ስለማይለወጥ ወንበር ይገፋል፣ ይገባል፣ አለቀ። የሚገርመው፣ ሀብታም የሚከራየው ያብረቀረቀ የውሃ ታክሲ ለዚህ አይመችም፤ ወደ ውስጥ በደረጃ ነው የሚወረደው፣ ማንሻ የተገጠመላቸው ጥቂቶች ናቸው። ርካሹ የሕዝብ ጀልባ ከውዱ በለጠ፤ አስቀድሞ ለሁሉም ስለታሰበ።

ተንሳፋፊ መድረክ ደግሞ የሮኬት ሥራ አይደለም። በርሜልና ሳንቃ፣ ከዳር ጋር የሚያገናኝ በማጠፊያ የታሰረ ዝርግ መወጣጫ ነው። መወጣጫውን ለመሥራት የሚታወቅ ልክ አለ፤ ለአንድ ሜትር ከፍታ አሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት። ደንገል አስሮ በሐይቁ ላይ ሲንሳፈፍ የኖረ ሕዝብ ይህ ያቅተዋል? ትከሻም ቢሆን ልክ አለው። በእጅ የሚገፋ ወንበር በሁለት ሰው ይነሣል፤ ከውጭ አገር ለዕረፍት የሚመጡ ወገኖቻችን የሚይዙት በባትሪ የሚሄደው ግን ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን አለው። ያንን የትኛው ጎረምሳ ተሸክሞ ጀልባ ላይ ያወጣዋል?

ሕጉማ አለን። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 አካል ጉዳተኞችን መርዳትና ማቋቋም የመንግሥት ኃላፊነት ነው ይላል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ የሕዝብ ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው የሚገባባቸው እንዲሆኑ አዘዘ። በ2002 ዓ.ም. አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት አጸደቀች። የስምምነቱን አንቀጽ 30 ያነበበ ሰው ይገረማል፤ ስለ መዝናናት፣ ስለ ቱሪዝም፣ የታሪክ ሥፍራዎችን ስለ መጎብኘት ይናገራል። ሽርሽር፣ አያችሁ፣ መብት ተብሎ ተጽፏል።

ይህን ሁሉ ዛሬ የማነሣው በምክንያት ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ፈረሰች። ዶሮ ማነቂያም አብራ ሄደች። ነዋሪው በከተማው ዳርቻ ተበታተነ። ሌላው ስለ ቤቱ፣ ስለ ካፌው፣ ስለ ትዝታው ሲያዝን ወዳጄ ያዘነው ስለ ሌላ ነገር ነው። የሚሸከሙት ልጆች ከስድስት የማያንሱ ሠፈሮች ገብተዋል። አምስተኛው ትውልድ ተበተነ፣ ስድስተኛው አይመጣም። ትከሻ የጎረቤት ነው፤ ጎረቤት ሲበተን ትከሻም ይበተናል። ቤት ለፈረሰበት ካሣና ምትክ ይታሰባል፣ ለጠፋ ትከሻ ግን በየትኛው መዝገብ ተጽፎ ምትክ ይጠየቃል?

በፈረሰው ቦታ ሰፋፊ የእግረኛ መንገድ ተሠርቷል፤ የዓድዋ ድል መታሰቢያም በዚያው ዓመት ተመርቋል። ያየሁትን መካድ አልችልም፤ ድሮ ወንበር ሊገፋባቸው በማይቻል ሥፍራዎች ዛሬ ይገፋል። ደስ ይላል። ግን ይኸው ነገር ሰበባችንን ሁሉ ወሰደብን። አንድ ታላቅ ሠፈር በወራት አፍርሳ በወራት የምትሠራ አገር «መወጣጫ ለመሥራት አቅም የለኝም» ብትል ማን ያምናታል? ጉዳዩ የአቅም አልነበረም። የተሸካሚዎቻችን ደግነት ለመንገድ ሠሪው ዕረፍት ሰጠው እንጂ። «ይሸከሙታል» ብሎ ደረጃ ሠራ፤ እኛም ተሸከምን፤ እሱም ሌላ ደረጃ ሠራ።

ትከሻችን ይቅር አልልም። ገደል ባለበት፣ መንገድ ባልደረሰበት አገር ቃሬዛ ገና ብዙ ሰው ያድናል። ግን ትከሻ ለድንገተኛ ነው። የዘወትሩን መንገድ ሊሸከም አይገባውም። የጊዮርጊስ ደረጃ ጎን አንድ ዝርግ መወጣጫ፣ የጣና ዳርቻ ላይ ከውሃው ጋር ከፍ ዝቅ የሚል አንድ መድረክ ቢኖር፣ ሰው ራሱን እየገፋ ይመጣል፤ ማንንም ሳያመሰግን ይሄዳል። ማመስገን ስለጠላ አይደለም። እኛ ጀልባ ላይ ስንወጣ ማንን አመስግነን እናውቃለን?