የዶርዜ ዘፈን በፓሪስ ሸክላ፤ ሃምሳ ዓመት ሲሞላው የማን ይሆናል?

እ.ኤ.አ. በ1977 ፓሪስ ውስጥ አንድ ትልቅ ሸክላ ታተመ። አሳታሚው «ለ ሻን ዱ ሞንድ» የተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ ነው። ሸክላው የወጣው የፈረንሳይ ብሔራዊ የሳይንስ ምርምር ማዕከልና «ሙዜ ደ ሎም» የተባለው ሙዚየም በሚያዘጋጁት ተከታታይ ስብስብ ውስጥ ነበር። መርፌው ሲያርፍበት የሚሰማው ግን ከአርባ ምንጭ በላይ፣ በጋሞ ደጋ የሚኖሩት የዶርዜ ሰዎች ድምፅ ነው። የቀረጸው ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ በርናር ሎርታ-ዣኮብ ነው።

ይህ ሸክላ እ.ኤ.አ. በ2027 ሃምሳ ዓመት ይሞላዋል። ሃምሳ ዓመት ለሰው የልደት በዓል ነው። ለተቀረጸ ድምፅ ግን ሌላ ትርጉም አለው፤ «ይህ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ እንደገና የሚነሳበት ዕድሜ ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ወደ እንግሊዝ ጎራ ብሎ መመለስ ያስፈልጋል።

◾️ የቢትልስ ሒሳብ

ከሊቨርፑል የተነሱት ቢትልስ «ፕሊዝ ፕሊዝ ሚ» የተባለውን የመጀመሪያ አልበማቸውን ያወጡት እ.ኤ.አ. ማርች 22 ቀን 1963 ነው። በአልበሙ ካሉት 14 ዘፈኖች 10ሩ የተቀረጹት በአንድ ቀን ውስጥ ነው። አልበሙ በብሪታንያ ለ30 ሳምንት በአንደኝነት ቆየ፤ አራቱን ወጣቶችም ከክለብ ዘፋኝነት አውጥቶ የዓለም ስም አደረጋቸው።

በወቅቱ በነበረው የአውሮፓ ሕግ የተቀረጸ ድምፅ የሚጠበቀው ለ50 ዓመት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣው የመጀመሪያ ነጠላ ሸክላቸው «ላቭ ሚ ዱ» ጊዜው ስለሞላ ከ2013 መግቢያ ጀምሮ ቅጂው ጥበቃ አጣ። የብሪታንያ ሙዚቀኞች ለዓመታት ሲወተውቱ ቆይተው ነበርና የአውሮፓ ኅብረት በ2011 ጊዜውን ወደ 70 ዓመት አራዘመው። ብሪታንያ ደግሞ በኖቬምበር 2013 ሥራ ላይ አዋለችው። አልበሙ በጥቂት ሳምንታት ልዩነት ተረፈ።

አዲሱ ሕግ ላልታተሙ ቅጂዎች ግን አልራራም። በተቀረጹ በ50 ዓመት ውስጥ ለሕዝብ ካልቀረቡ መብቱ እዚያው ያበቃል። ስለዚህ ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ዲሴምበር 17 ቀን 2013፣ መደርደሪያ ላይ የከረሙ 59 የ1963 ቅጂዎች በኢንተርኔት ለሽያጭ ወጡ። አድናቂው የገና ስጦታ መሰለው። ባለመብቶቹ ግን የቀን መቁጠሪያ እያዩ ነበር።

በዚሁ ሕግ ውስጥ ብዙ ያልተወራለት ሌላ አንቀጽ አለ። ሸክላው ከታተመ 50 ዓመት ካለፈ በኋላ አሳታሚው ለገበያም ለሕዝብም የማያቀርበው ከሆነ፣ ድምፃዊው በጽሑፍ አሳውቆ፣ አንድ ዓመት ጠብቆ፣ የሰጠውን መብት መልሶ መውሰድ ይችላል። አንቀጹ ጥሩ ነው። የሚሠራው ግን ማን እንደዘፈነ ለሚታወቅ ሸክላ ብቻ ነው። ስሙ ያልተመዘገበ ሰው «የእኔ ነው» ብሎ ደብዳቤ ሊጽፍ አይችልም።

◾️ በሩ የታወቀ ዘፋኝ

ኢትዮጵያ ውስጥ ስም ያለው ሸክላ ምን ያህል እንደሚጓዝ ለማየት ከማሕሙድ አሕመድ የተሻለ ምሳሌ የለም። ማሕሙድ አዲስ አበባ ውስጥ ጫማ እየጠረገ ያደገ፣ አሪዞና ክለብ ተላላኪ ሆኖ ሲሠራ አንድ ምሽት ዘፋኝ ቀርቶ መድረክ ላይ የወጣ፣ ከዚያም በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ የተቀጠረ ድምፃዊ ነው።

«ኧረ መላ መላ»ን ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ያሳተመው ዓሊ ታንጎ በሚል ስም የሚታወቀው የዓሊ አብደላ ካይፋ «ካይፋ ሪከርድስ» ነበር። ጊዜው ለሙዚቃ የከፋ ነበር። ንጉሡ ወርደዋል፣ ሰዓት እላፊ ታውጇል፣ የምሽት ክለቦች ተዳክመዋል። የሀገር ፍቅርን የሸክላ ሞኖፖል በ1969 ደፍሮ የሰበረው አምሃ እሸቴም ያን ጊዜ ከሀገር ወጣ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሸክላ ራሱ በካሴት ተተካ።

እ.ኤ.አ. በ1984 ግን ከማሕሙድ ሸክላዎች አንዱ ፈረንሳይ ደርሶ ፍራንሲስ ፋልሴቶ እጅ ገባ። ሰውየው የሰማውን ማመን አቅቶት በቀጣዩ ዓመት አዲስ አበባ መጣ። በ1986 ቤልጅየም የሚገኘው «ክራምድ ዲስክስ» አልበሙን ለአውሮፓ አድማጭ አወጣው። በ1997 «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ስብስብ ተጀመረ፤ በ1999 ሰባተኛው ቁጥር ለ«ኧረ መላ መላ» ተሰጠ። በ2007 ማሕሙድ የቢቢሲን የዓለም ሙዚቃ ሽልማት ተቀበለ። በጃንዋሪ 2025 ሚሊኒየም አዳራሽ ውስጥ የመድረክ ስንብቱን ሲያደርግ፣ ያጨበጨበለት ሕዝብ ግማሹ አልበሙ ሲወጣ ገና አልተወለደም ነበር።

ይህ ሁሉ የሆነው ዘፈኑ ስለጣመ ብቻ አይደለም። ሸክላው ላይ የዘፋኙ፣ የባንዱና የአሳታሚው ስም ነበር። ፋልሴቶ አዲስ አበባ ሲደርስ የሚያንኳኳው በር ነበረው። ክፍያው ተገቢ ነው አይደለም ብሎ መከራከርም የሚቻለው ከዚያ በኋላ ነው።

◾️ የዶርዜዎቹ በር የት ነው?

የዶርዜ ዘፈን በሬዲዮ ከለመድነው የተለየ ነው። በትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ያደገ ጆሮ አንድ አውራጅና ተቀባዮች፣ አንድ ዜማ ይጠብቃል። ዶርዜ ላይ ግን ሰዎቹ ተሰብስበው ሲዘፍኑ እያንዳንዱ ቡድን የራሱን መስመር ይይዛል። አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይገባል፣ ድምፅ በድምፅ ላይ ይደረባል፣ ግን አይጋጭም። መሣሪያ ሳያስፈልገው ሰው ብቻውን ኦርኬስትራ ይሆናል። ሎርታ-ዣኮብን የሳበው ይህ ነው፤ በኋላ በጣሊያኗ ሰርዲኒያ ደሴት ያጠናውም እንዲሁ ድምፅ በድምፅ የሚደራረብበትን ዘፈን ነው።

እዚህ ላይ አንድ መራራ ነገር አለ። በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ «ዶርዜ» የሚለው ቃል የሽሮ ሜዳ ሸማኔ መጠሪያ ነበር፤ ከየትኛውም የጋሞ ደጋ ይምጣ፣ ሁሉም በአንድ ስም ይጠራል። ጥለቱን ለብሶ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ሰው የሸመነውን እጅ «ቁጢት በጣሽ» እያለ ይሰድብ ነበር። ሀገሩ እጁን ለብሶ ስሙን ሲንቅ፣ ፓሪስ ድምፁን በክብር አሳተመ። ዶርዜ በዓለም የምሁራን መንደርም ታወቀ። አንትሮፖሎጂስቱ ዳን ስፐርበር እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ምልክትና እምነት ሲከራከር፣ «ነብር ክርስቲያን ነው፣ ይጾማል» የሚለውን የዶርዜዎች አባባል ምሳሌ አደረገው። ዶርዜዎቹ ይህን እያሉም ረቡዕና ዓርብ ከብቶቻቸውን ከነብር መጠበቅ አይተዉም ነበር።

ክብሩ ግን ለሕዝብ እንጂ ለሰው አልነበረም። ሸክላው በካታሎግ የሚፈለገው በሁለት ስም ነው፤ በሕዝቡ ስምና በቀረጸው ተመራማሪ ስም። የዘመኑ ልማድ ነበር፤ ሎርታ-ዣኮብን ነጥሎ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም። እሱ መቅረጫውን ተሸክሞ ጨንቻ ዳገት ባይወጣ ኖሮ ዛሬ የምንከራከርበት ድምፅ ራሱ ባልኖረ።

«የሕዝብ ዘፈን ባለቤት የለውም፤ ስም ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። ዜማው በእርግጥ የሁሉም ነው። ጉሮሮው ግን የአንድ ሰው ነው። ያ ሰው አባት ነበር፣ ሸማኔ ወይም ገበሬ ነበር፣ ልጆች አሉት። የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ከደራሲው ለይቶ «ከዋኝ» ለሚለው ሰው የራሱን መብት ይሰጣል፤ ዘመኑም 50 ዓመት ነው። ይህ አዋጅም ሆነ የአውሮፓው ሕግ ፓሪስ ለታተመው የዶርዜ ሸክላ ምን ያህል እንደሚሠራ የሕግ ባለሙያዎች ይመርምሩት። ከሕጉ በፊት የሚመጣ ሥራ ግን አለ፤ እሱ ጠበቃ አያስፈልገውም።

◾️ ጊዜው ሳያልፍ

ሸክላው በወጣበት ዘመን የ30 ዓመት ጎልማሳ የነበረ ዘፋኝ በ2027 ሰማንያ ይሆነዋል። በተቀባይነት የቆመው የ20 ዓመት ወጣት ሰባ ይሞላዋል። ድምፁን ሰምቶ «ይህ እኮ እገሌ ነው» የሚል ሰው ዛሬ ይኖራል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ስለመኖሩ ግን ዋስትና የለም።

የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ አይደለም። የ«ሙዜ ደ ሎም» የድምፅ ክምችት እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በኢንተርኔት እየተከፈተ ነው። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተራራው ግርጌ ነው። የጋሞ ዞን የባህልና ቱሪዝም መዋቅር አለው። ቅጂውን በደብዳቤ መጠየቅ፣ ዶርዜና ሽሮ ሜዳ ላይ አረጋውያንን ሰብስቦ ማሰማት፣ የሚሉትን በስም፣ በቀበሌና በዘመን መጻፍ ነው ሥራው። ለዮ ማስቃላ ከየከተማው ሁሉም ሀገር ቤት ሲገባ ከዚህ የተሻለ ጉባኤ አይገኝም።

ከዚያ በኋላ ማንም፣ ፓሪስም ይሁን ለንደን ወይም አዲስ አበባ፣ ሸክላውን በአዲስ መልክ ላሳትም ቢል፣ ጠረጴዛው ላይ የሚያገኘው «የዶርዜ ሕዝብ» የሚል ጥቅል ስም ብቻ አይሆንም። የሚጠየቁ፣ የሚስማሙ ወይም እምቢ የሚሉ ቤተሰቦች ይኖራሉ። ድርሻም ቢኖር ተቀባይ ይኖረዋል፤ ባይኖርም እንኳ የልጅ ልጅ በስልኩ ከፍቶ «ይህ የአያቴ ድምፅ ነው» ይላል።

የቢትልስ ሰዎች ሃምሳ ዓመቱን ከቀን ቀን ሲቆጥሩ ነበር። በዶርዜዎቹ በኩል እየቆጠረ ያለው ማነው?