አሮጌ የዲፈረንሻል ዕቃ ከመገጠሙ በፊት፦ የሚጸዳ ዝገትና የሚያስጥል ዝገት

ክረምቱ አልፎ የመኸር ምርት የሚጓጓዝበት ወቅት ሲቃረብ ለወራት የቆሙ የጭነት መኪኖች ወደ ሥራ ይመለሳሉ፤ ጋራዦችም ሥራ ይበዛባቸዋል። ዲፈረንሻሉ የተሰበረበት ባለ መኪና የአዲስ ዕቃ ዋጋ ሲከብደው፣ ከሌላ መኪና ተፈትቶ ለዓመታት በመጋዘን ወይም በደጅ የቆየ ዕቃ ይገዛል። እንዲህ ያለው ዕቃ ብዙውን ጊዜ ዝገት ለብሶ ይገኛል። ዝገት የነካው ዕቃ ሁሉ የሚጣል አይደለም፤ ተወልውሎ ያበራ ዕቃም ሁሉ ለአገልግሎት የሚበቃ አይደለም። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ከጽዳቱ ሥራ ይቀድማል።

ዲፈረንሻል ምን ይሠራል?

ዲፈረንሻል ከሞተሩ በካምቢዮና በረጅሙ ዘንግ በኩል የሚመጣውን ኃይል ተቀብሎ፣ አቅጣጫውን ለውጦ ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍል ክፍል ነው። መኪና ኩርባ ሲዞር የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ ርቀት ይጓዛል። ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው ይኸው ክፍል ነው።

በውስጡ ፒኞን የሚባለው ትንሽ ጥርስና ኮሮና የሚባለው ትልቅ ቀለበታማ ጥርስ፣ በመካከል የሚሽከረከሩ ትናንሽ ጥርሶች፣ እነዚህን የሚሸከሙ ኩሽኔታዎች፣ ዘይት እንዳይፈስ የሚያግደው ኦይል ሲልና ሁሉንም የሚይዘው የብረት ቤት ይገኛሉ። ኮሮናና ፒኞን በፋብሪካ አንድ ላይ ተሞርደው የተጣጣሙ ጥንዶች ናቸው። በአብዛኞቹ ላይ የጥንድነታቸው ምልክት የሆነ ተመሳሳይ ቁጥር ተጽፎባቸው ይገኛል። ስለዚህ የአንዱን ኮሮና ከሌላው ፒኞን ጋር ማጋባት አይገባም።

የጥርሶቹ ገጽ በሙቀት እንዲጠነክር የተደረገ ነው። ይህ ጠንካራ ሽፋን በቀላል ተሽከርካሪዎች ላይ ብዙውን ጊዜ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው፤ ከሥሩ ያለው ብረት ለስለስ ያለ ነው። በዝገት የተቦረቦረም ሆነ በመሞረጃ የተፋቀ ጥርስ ከዚህ ስስ ሽፋን ላይ ያጣል። ያጣውን ደግሞ ምንም ዓይነት ጽዳት አይመልስለትም።

ዝገቱ ከየት ይመጣል?

ዝገት ብረት ከውኃና ከአየር ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር የብረት ኦክሳይድ ነው። ተፈትቶ በደጅ የተቀመጠ ዕቃ የዘይት ሽፋኑ ሲደርቅ በዝናብና በጤዛ ይዝጋል። በመኪና ላይ ያለ ዲፈረንሻልም ከዝገት ነጻ አይደለም። ረጅም መንገድ ተጉዞ የጋለ መኪና ወንዝ ሲያቋርጥ፣ የዲፈረንሻሉ ቤት በድንገት ስለሚቀዘቅዝ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ በመተንፈሻው ቀዳዳ ወይም በተበላው ኦይል ሲል በኩል ውኃ ወደ ውስጥ ይስባል። ዘይቱ እንደ ወተት ነጣ ብሎ ከተገኘ ውኃ እንደገባበት ምልክት ነው። በክረምት ወንዝ የሚያቋርጡ የገጠር መንገዶች ላይ የሚሠሩ ተሽከርካሪዎች ባለቤቶች ይህንን በየጊዜው ማየት ይጠቅማቸዋል።

የብረት ኦክሳይድ ዱቄት ጌጣጌጥ ለማወልወል ከሚያገለግሉ ዱቄቶች አንዱ ነው። ወርቅ የሚያበራው ዱቄት ከዲፈረንሻል ዘይት ጋር ሲቀላቀል ግን ጥርሱንና ኩሽኔታውን ሳያቋርጥ ይፍቃል። ዝገት ሳይጸዳ የተገጠመ ዕቃ በመጀመሪያው ቀን ምንም ድምፅ ላያሰማ ይችላል፤ ጉዳቱ የሚታየው ቆይቶ ነው።

ሦስቱን የዝገት ዓይነቶች መለየት

ዕቃው በላምባ ወይም በናፍታ ታጥቦ በጨርቅ ከደረቀ በኋላ በጥሩ ብርሃን ይመረመራል። የመጀመሪያው ዓይነት የላይ ዝገት ነው። ቀይ ወይም ቢጫ ቀለም ያለው ስስ ሽፋን ሲሆን፣ በዘይት በራሰ ጨርቅ ሲታሽ ይለቃል፤ ከሥሩም ለስላሳ ብረት ይታያል። ይህ የሚጸዳ ነው።

ሁለተኛው ጥላ የቀረበት ነው። ዝገቱ ከለቀቀ በኋላ ጠቆር ያለ ምልክት ይቀራል፤ ጥፍር ሲያልፍበት ግን አይያዝም። እንዲህ ያለው ምልክት በቤቱ ላይ፣ በጥርሶቹ ጎንና ጀርባ፣ ጭነት በማይሸከም ቦታ ሁሉ ችግር አያመጣም። ጥርስ ከጥርስ በሚነካካበት ገጽ ላይ ከሆነ ግን በማጉያ መነጽር መታየት አለበት።

ሦስተኛው የበላ ዝገት ነው። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ወይም የተላጠ ቅርፊት ያሳያል። በጥርስ የመነካኪያ ገጽ ላይ ከተገኘ ጥርሱ ለሥራ አይበቃም፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ በጭነት ጊዜ ስንጥቅ የሚጀምርበት ቦታ ይሆናልና።

በኩሽኔታ ላይ ያለው ሕግ ከዚህ የጠበቀ ነው። ውኃ የተኛበት ኩሽኔታ ሮለሮቹ በቆሙበት ልክ በእኩል ርቀት የተደረደሩ ጥቁር መስመሮችን ያሳያል። እንዲህ ያለውን ኩሽኔታ አጽድቶ መልሶ መግጠም ትርፍ የለውም፤ በአዲስ ይተካል። ኦይል ሲልና ጓርኒሲዮንም ምንም ደህና ቢመስሉ በአዲስ መተካት አለባቸው።

የጽዳቱ ቅደም ተከተል

ሥራው የሚጀመረው ምልክት በማድረግ ነው። የግራና የቀኝ የኩሽኔታ ክዳኖች ከቤቱ ጋር አብረው የተሞረዱ በመሆናቸው ቦታ መለዋወጥ የለባቸውም። ለማስተካከያ የሚገቡት ስስ ሮንዴላዎችም የየትኛው ወገን እንደሆኑ ተጽፎ ለየብቻ ይቀመጣሉ።

ቀጥሎ ዕቃው በላምባ ወይም በናፍታ በፕላስቲክ ብሩሽ ይታጠባል። በቤንዚን ማጠብ የተለመደ ቢሆንም አደገኛ ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች በሆነ ቅዝቃዜ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል፤ ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ በመሬት ላይ እየተሳበ ራቅ ወዳለ እሳት ይደርሳል። ላምባና ናፍታም ቢሆኑ ክፍት በሆነ ቦታ፣ ከሲጋራ፣ ከብየዳና ከከሰል ምድጃ ርቀው መሠራት አለባቸው።

የጥርሶቹ የላይ ዝገት በቀጭን ዘይት ወይም በናፍታ ውስጥ አንድ ሌሊት ቢያድር ይለሰልሳል። በማግስቱ እጅግ ደቃቅ በሆነ የብረት ሱፍ ዘይት እየተጨመረ በእጅ ቀስ ብሎ ይታሻል። ሻካራ ብርጭቆ ወረቀት በጥርስ ገጽ ላይ አይሄድም። ኦይል ሲል የሚያርፍበት የዘንግ ገጽ በቁጥር 400፣ ቀጥሎም በቁጥር 600 ብርጭቆ ወረቀት ከዘይት ጋር፣ በዘንጉ ዙሪያ እንጂ በርዝመቱ ሳይሆን ይታሻል። በርዝመት የተጫረ መስመር ለዘይቱ መውጫ ቦይ ይሆናል።

ለቤቱ ውጫዊ ክፍል የሽቦ ብሩሽ ያገለግላል። የውስጥ ግድግዳው ቅርፊትም ተፍቆ መውጣት አለበት፤ ግን ኩሽኔታ የሚቀመጥባቸው የተሞረዱ ቦታዎች በብሩሹ መነካት የለባቸውም። የቤቱን ውስጥ በተራ ቀለም መቀባት ስሕተት ነው፤ ቀለሙ በጋለ ዘይት ተላጦ ይወርዳል።

እንደ ክዳንና መሸፈኛ ያሉ፣ ጭነት የማይሸከሙ ትናንሽ ዕቃዎች በአቼቶ ውስጥ ከጥቂት ሰዓታት እስከ አንድ ሌሊት ሊቆዩ ይችላሉ። ከዚያ በብሩሽ ይታሻሉ፤ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ ታጥበው አሲዱ ይወገዳል። በውኃ የታጠበ ንጹሕ ብረት በጥቂት ጊዜ ውስጥ መልሶ ስለሚቀላ፣ ወዲያው ደርቆ ዘይት መቀባት አለበት።

መደረግ የሌለባቸው

የባትሪ አሲድና ሌሎች ኃይለኛ አሲዶች ዝገትን በፍጥነት ያነሣሉ፤ ነገር ግን ጤናማውን ብረትም ይበላሉ። በሙቀት የጠነከረ ብረት ደግሞ በአሲድ ውስጥ ሲቆይ ሃይድሮጅን ወደ ውስጡ ይሰርጋል፤ ብረቱም እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ይህ ጉዳት በዓይን አይታይም። ስለሆነም ጥርሶች፣ ኩሽኔታዎችና የኮሮናው ብሎኖች አሲድ ውስጥ ሊገቡ አይገባም። ዝገትን በባትሪ ቻርጀር ኤሌክትሪክ የማንሣት ዘዴም ተመሳሳይ ጉዳት ሊያስከትል ስለሚችል ለጠንካራ ጥርሶች አይመከርም።

በግራይንደር ላይ የተገጠመ የሽቦ ብሩሽ ሽቦዎቹን እንደ መርፌ ይወረውራል፤ ለዓይን መከላከያ መነጽር ሳይደረግ መጠቀም ዓይን ሊያሳጣ ይችላል። በአሸዋ ንፋት ማጽዳትም በቤቱ ጠባብ የዘይት መተላለፊያዎች ውስጥ አሸዋ ያስቀራል። ኩሽኔታን በኮምፕሬሰር አየር እያሽከረከሩ ማድረቅ ደግሞ ፈንድቶ ሰው እንዲጎዳ ሊያደርግ ይችላል።

ከጽዳት በኋላ

ዝገቱ ከለቀቀ በኋላ የመጨረሻው እጥበት በንጹሕና ባልተሠራበት ላምባ ይደረጋል። በነጭ ጨርቅ ሲጠረግ ቀይም ሆነ ጥቁር ምልክት እስካሳየ ድረስ እጥበቱ ይደገማል። በመቀጠል ሁሉም ገጽ ዘይት ይቀባል።

በሚገጠምበት ጊዜ በኮሮናና በፒኞን ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት ዳያል ጌጅ በተባለው መለኪያ ይለካል። በብዙ ቀላል ተሽከርካሪዎች ላይ ክፍተቱ ከ0.10 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር ውስጥ ይውላል፤ ትክክለኛው ልክ ግን የሚወሰደው ከመኪናው የጥገና መጽሐፍ ነው። ጥርሶቹ ላይ ስስ የማመልከቻ ቀለም ተቀብቶ ሲዞሩ መነካካታቸው በጥርሱ መካከል ላይ መዋል አለበት። ይህ ሥራ መለኪያና ልምድ የሚጠይቅ በመሆኑ ለሠለጠነ መካኒክ የሚተው ነው።

ዘይቱ መጽሐፉ ያዘዘው ዓይነት መሆን አለበት። በብዙ የኋላ ዲፈረንሻሎች ጂኤል-5 ደረጃ ያለው 80ደብልዩ-90 ወይም 85ደብልዩ-90 ዘይት ይገባል። የመተንፈሻው ቀዳዳ በጭቃ አለመደፈኑም ይታያል። የመጀመሪያው ጉዞ ያለ ጭነት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሆኖ ዲፈረንሻሉ እስኪቀዘቅዝ መቆም ይገባል። ከ800 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላም ዘይቱ ይቀየራል፤ እስከዚያው ከባድ ጭነት መጫን አይመከርም። የወጣው ዘይት ውስጥ ጥሩ የብረት ብናኝ መኖሩ የተለመደ ነው፤ የብረት ስባሪ መገኘቱ ግን መልሶ መፍታትን ያስገድዳል።

የታጠበበት ላምባና አሮጌው ዘይት በማሳ፣ በቦይ ወይም በወንዝ አይደፋም። አፈርንና ውኃን ስለሚመርዝ በተዘጋ ጀሪካን ተጠራቅሞ ለሚረከብ አካል መሰጠት አለበት።

ጥንቃቄው ለምን?

ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በሚወስደው የዓባይ በረሃ መንገድ የሚወርድ የጫነ መኪና ፍጥነቱን በፍሬን ብቻ አይገታም፤ በከባድ ማርሽ ሆኖ በሞተሩ ጉልበትም ይያዛል። ይህ የሞተር መያዝ ወደ ጎማ የሚደርሰው በዲፈረንሻሉ በኩል ነው። በአንዳንድ የጭነት መኪኖች ላይ የእጅ ፍሬኑም ከካምቢዮ በስተኋላ ባለው ዘንግ ላይ ስለተገጠመ በዚያው ያልፋል። ጥርሶቹ ቁልቁለት ላይ ከተሰበሩ ሁለቱም መያዣዎች በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ፤ ስባሪው ከተቀረቀረ ደግሞ የኋላ ጎማዎች በድንገት ሊቆልፉ ይችላሉ።

ስለዚህ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ዕቃው በላምባ ታጥቦ እንዲታይለት መጠየቅ፣ የኮሮናውንና የፒኞኑን ቁጥር ማመሳከር፣ የጥርሶቹን ገጽ በጥፍሩ መፈተሽ አለበት። ቅባት ወይም ቀለም ተለቅልቆ የቀረበ ዕቃ ከሥሩ ያለው እስኪታይ ድረስ አይታመንም። የላይ ዝገት በአንድ ቀን ሥራ ይለቃል፤ ጥፍር የያዘው ጥርስ ግን ዋጋው ምንም ቢረክስ ለባለቤቱ መልሶ መተው ነው።