ገረመው ደንቦባ፦ ከአበበ ቢቂላ በፊት በኦሊምፒክ ጎዳና የተሰለፉት ብስክሌተኛ

ደብረ ማርቆስ፦ የኢትዮጵያ የኦሊምፒክ ታሪክ ሲነሳ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ወርቅ ያጠለቀው አበበ ቢቂላ ቀድሞ ይታወሳል። የአገሪቱ የኦሊምፒክ ጉዞ የተጀመረው ግን ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ በአውስትራሊያ ሜልቦርን ነው። በዚያ መድረክ ከተሰለፉት 12 ስፖርተኞች መካከል ብስክሌተኛው ገረመው ደንቦባ አንዱ ነበሩ።

ቡድኑ በሁለት የስፖርት ዓይነቶች፣ በአትሌቲክስና በብስክሌት ብቻ የተዋቀረ ነበር። ከ12 ዓመት በኋላ በሜክሲኮ የማራቶን ባለድል የሆነው ማሞ ወልዴም በወቅቱ በ800 እና በ1 ሺህ 500 ሜትር ሮጧል።

የጎዳና ብስክሌት ውድድሩ የተካሄደው ኅዳር 28 ቀን 1949 ዓ.ም ከሜልቦርን በስተሰሜን በምትገኘው ብሮድሜዶውስ ነው። ተወዳዳሪዎቹ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን ጎዳና 11 ጊዜ መዞር ነበረባቸው፤ ጠቅላላ ርቀቱ 187 ኪሎ ሜትር ከግማሽ ያልፋል። ይህም ከደብረ ማርቆስ እስከ እንጅባራ ካለው መንገድ የሚበልጥ ነው። መነሻው ላይ ያልተመዘገቡ የአየርላንድ ብስክሌተኞች በመካከል ገብተው ስለተገኙ እነርሱን ለማስወጣት ሲባል ውድድሩ ዘግይቶ ተጀመረ።

የጎዳና ብስክሌት ከሩጫ የሚለየው በነፋሱ ነው። ከፊት ያለው ጋላቢ ነፋሱን በደረቱ ሲገምስ ከኋላው የተጠጋው ጉልበቱን ይቆጥባል። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን በሚወስደው ሜዳ ነፋስን ተቃርኖ ብስክሌት የነዳ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። በዚህ ምክንያት በቡድን ተደጋግፎ መንዳትን የለመዱ የአውሮፓ ጋላቢዎች ትልቅ ብልጫ ነበራቸው። ያም ሆኖ የዕለቱ አሸናፊ ብቻውን ወጥቶ የነጎደው ጣሊያናዊው ኤርኮሌ ባልዲኒ ሆነ፤ 5 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ፈጅቶበታል። ባልዲኒ በዚያው ዓመት በአንድ ሰዓት 46 ኪሎ ሜትር ከ394 ሜትር በመጋለብ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረ፣ ከሁለት ዓመት በኋላም የጣሊያን ዙርን ያሸነፈ ኃያል ተወዳዳሪ ነው።

እንዲህ ካሉ ሰዎች ጋር የተሰለፉት ገረመው 24ኛ ሆነው ጨረሱ። ብዙዎች አቋርጠው በወጡበት ውድድር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ከረገጠች አገር ለመጣ ጋላቢ ይህ ትንሽ ውጤት አልነበረም። የቡድን ደረጃ የሚሰጠው የሦስት ጋላቢዎችን ደረጃ በመደመር ስለነበር የአንድ ሰው ብርታት ብቻ አይበቃም፤ ኢትዮጵያ በቡድን 9ኛ ወጣች።

ከገረመው ጋር ከተሰለፉት መካከል መስፍን ተስፋይና ፀሐዬ ባህታ ይገኙበታል። ዘመኑ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን የተሳሰረችበት በመሆኑ የአስመራ የብስክሌት ባህል ለብሔራዊ ቡድኑ ትልቅ ምንጭ ነበር። ስፖርቱን ወደ አስመራ ያመጡት ጣሊያኖች ናቸው። የአገሬው ተወላጆች ግን በቅኝ ግዛቱ ዘመን ለረጅም ጊዜ ከእነርሱ ጋር እኩል እንዳይወዳደሩ ተከልክለው ቆይተዋል። የኤርትራ ዙር ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው እ.ኤ.አ በ1946 ሲሆን ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ብስክሌት በከተማዋ የሕዝብ ስፖርት ሆነ።

በሮም የአበበ ድል መላውን አገር ወደ ሩጫ አዞረ። መሮጥ እግርና መንገድ እንጂ ሌላ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ የውድድር ብስክሌት ግን ከውጭ የሚመጣ፣ ጎማውና ሰንሰለቱ ዘወትር የሚለወጥ ውድ ዕቃ ነው። የብስክሌተኞቹ ስም ከሯጮቹ ጀርባ መደብዘዙ ከዚህ ጋር ይያያዛል፤ ያም ሆኖ የሜልቦርኑ ውጤት ሊዘነጋ የሚገባው አልነበረም።

ከገረመው ተሳትፎ ወደ 60 ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በ2008 ዓ.ም ክረምት፣ ፅጋቡ ግርማይ በታዋቂው የፈረንሳይ ዙር የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በዚሁ ውድድር ሦስት የዕለት ድሎችን አስመዝግቦ አረንጓዴውን መለያ ለብሷል።