ከሁሩሙና ከሱጴ፦ ሁለት ደራስያንና የብዕራቸው ዓላማ



ሰው እንዴት ደራሲ ይሆናል? ይህ ጥያቄ ሲነሣ ዓይናችን ወደ አዲስ አበባ ማማተሩ የተለመደ ነው። ማተሚያ ቤቶቹም፣ ጋዜጦቹም፣ የመጻሕፍት መደብሮቹም በብዛት ያሉት እዚያ ነውና። እኔ ግን ዛሬ ከዚሁ ከመቱ አካባቢ መነሣት እፈልጋለሁ። ኢሉባቦር በሁለት የተለያዩ ዘመናት ሁለት ታላላቅ የብዕር ሰዎችን አፍርታለች። አንደኛው ኦነሲሞስ ነሲብ፣ ሁለተኛው በዓሉ ግርማ ናቸው። ሁለቱም በልጅነታቸው ከዚህ ምድር ወጥተዋል። የኔ መከራከሪያ አጭር ነው፤ እነዚህ ሰዎች አስቀድመው ዓላማቸውን አግኝተው ከዚያ ወደ ጽሑፍ የገቡ አይደሉም። ዓላማቸው የተገለጠላቸው በሥራው ውስጥ፣ ከሥራው ጋር ሲታገሉ ነው።

ኦነሲሞስ እ.ኤ.አ. በ1856 ገደማ ሁሩሙ አጠገብ ተወለደ። የቀድሞ ስሙ ሂካ ይባል ነበር። ቃሉ በኦሮምኛ የሚፈታ፣ የሚተረጉም ማለት ነው። በአማርኛችንም «ፈታ» የሚለው ግስ ለታሰረ ሰውም፣ ለተሰወረ ምስጢርም እንደሚያገለግል ልብ ይሏል። ይህ ልጅ ገና በልጅነቱ ተሰርቆ ለባርነት ተሸጠ፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ምጽዋ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1870 ቨርነር ሙንዚንገር ነፃ አውጥቶት በስዊድን ሚሲዮናውያን ትምህርት ቤት ገባ፤ በ1872 ሲጠመቅም በጳውሎስ መልእክት የተጠቀሰውን የአንድ ባሪያ ስም፣ ኦነሲሞስን፣ ያዘ። በኋላም ለትምህርት ወደ ስዊድን ተሻገረ።

የትርጉም ሥራውን ሲጀምር የገጠመው እንቅፋት ግን የመጻፍ ችሎታ ማነስ አልነበረም። ሊተረጉምበት የተነሣው ቋንቋ የገዛ አፍ መፍቻው ሆኖ ሳለ፣ በሕፃንነቱ ከወገኖቹ በመነጠቁ ቃላቱ ሸሽተውታል። ባርነት ጉልበቱን ብቻ ሳይሆን ቋንቋውንም ወስዶበት ነበር ማለት ይቻላል። በዚህ ጊዜ የረዳችው አስቴር ጋኖ ናት። እርሷም በባርነት ተሸጣ ባሕር ስትሻገር እ.ኤ.አ. በ1886 ነፃ የወጣች የኦሮሞ ልጅ ስትሆን፣ ቋንቋውን ግን በሙላት ይዛ ነበር። ቃላትን ሰበሰበች፤ ከትዝታዋም ተረቱን፣ ዘፈኑንና ምሳሌውን በብዛት ጻፈች። በ1894 የታተመው የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ የሁለቱ ድካም ፍሬ ነው። ሐዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በግዕዝ ፊደል ተጽፎ በ1899 በስዊዘርላንድ ታተመ። በሽፋኑ ላይ የሰፈረው የኦነሲሞስ ስም ነው፤ የታሪክ ተመራማሪ ግን የአስቴርን ድርሻ መዘንጋት የለበትም።

«ተርጓሚ እንዴት ደራሲ ይባላል?» የሚል ጥያቄ ከመካከላችሁ ሊነሣ ይችላል፤ ተገቢም ነው። መልሴ ይህ ነው፤ የታተመ ጽሑፍ እምብዛም ባልነበረው ቋንቋ የሚጽፍ ሰው ለእያንዳንዱ ሐሳብ ቃል መምረጥ፣ አንዳንዴም ቃሉን ማደላደል ግዴታው ነው። ያን የሚያደርግ ሰው የሚደርሰው ታሪክ ባይኖረውም፣ ለወደፊት ደራስያን ቤቱን ይሠራል። ኦነሲሞስ እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሶ በነቀምቴ አስተማረ፤ ተከስሶ እንዳይሰብክ የተከለከለበትም ጊዜ ነበር። በ1931 እስካረፈበት ድረስ ግን ከዚያ ሥራ አልተለየም።

አሁን ወደ ሱጴ እንለፍ። በዓሉ ግርማ በ1930ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ከሕንዳዊ ነጋዴ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት ተወለደ። በልጅነቱ አዲስ አበባ ገብቶ በጄኔራል ዊንጌት፣ ቀጥሎም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲና በአሜሪካ ተማረ። እንጀራው ጋዜጠኝነት ነበር፤ መነን መጽሔትንና አዲስ ዘመንን ጨምሮ በልዩ ልዩ የኅትመት ውጤቶች በአዘጋጅነት ሠርቷል። በ1962 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልቦለዱን «ከአድማስ ባሻገር»ን አሳተመ፤ የከተማው የተማረ ወጣት ለሕይወቱ ትርጉም ሲያጣ የሚያሳይ ሥራ ነው።

ቀጥሎ በመጣው «የህሊና ደወል» ግን ብዕሩ ወደ ትውልድ ቀዬው ዞረ። ሐዲስ የተባለ ወጣት መምህር በኢሉባቦር፣ በሱጴ፣ ከሕዝቡ ጋር ትምህርት ቤት ለመሥራት ይታገላል። በዓሉ ይህን ታሪክ በኋላ «ሐዲስ» በሚል ርእስ እንደገና ጽፎታል። አንድ ደራሲ አንዱን ታሪክ ሁለት ጊዜ መጻፉ ተራ ነገር አይደለም፤ ያልጨረሰው ጉዳይ እንዳለው ያመለክታል። ባለ ታሪኩ ዓላማውን የሚያገኘው በንግግር ሳይሆን በሥራ፣ ያውም ከመንደሩ ሰዎች ጋር መሆኑ ደግሞ ለዛሬው ርእሳችን ብዙ ይነግረናል። በ1972 ዓ.ም. የወጣው «ደራሲው» ጥያቄውን ፊት ለፊት ያነሣዋል፤ መጻፍ ለሰውየው የሚሰጠውንና ከሰውየው የሚወስደውን ይመዝናል።

በዓሉ ራሱ የከፈለውን ዋጋ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ሆኖ የቀይ ኮከብን ዘመቻ በቅርብ አየ፤ ያየውንም በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» ብሎ ጻፈ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ እርሱም ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ።

ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አልሻም። ዘመናቸው፣ ቋንቋቸው፣ እምነታቸውና የጽሑፋቸው ዓይነት ይለያያል። የሚያገናኛቸው መንገዱ ነው። ኦነሲሞስ በጉልበት፣ በዓሉ በትምህርት ከኢሉባቦር ወጡ፤ ሁለቱም በቀለም ተመለሱ። የጀመሩትም ባላቸው ሳይሆን በጎደላቸው ነው፤ አንዱ ቋንቋውን፣ ሌላው መንደሩን ሊያገኝ ጻፈ፤ ሲጽፉም ከራሳቸው ፍላጎት የሚበልጥ ኃላፊነት ላይ ደረሱ።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ «ምን ልጻፍ? ዓላማዬንስ ገና አላገኘሁም» ብላችሁ ብዕራችሁን ያስቀመጣችሁ ትኖራላችሁ። ከሁሩሙና ከሱጴ የተማርነው ተቃራኒውን ነው። አስቴር የጀመረችው ከምታስታውሰው ተረት ነበር። የእናንተም አያቶች ተረቱን፣ እንቆቅልሹንና የቡናውን ዘፈን ይዘው በየቤታችሁ አሉ። ዛሬ ማታ ቁጭ ብላችሁ አንዱን ጻፉ፤ ዓላማው እየጻፋችሁ ይደርስባችኋል።