ጠባቡ ሽቦው አልነበረም

የቤት ኢንተርኔት በተንቀራፈፈ ቁጥር የመጀመሪያው ተወቃሽ የመዳቡ ሽቦ ነው። «አርጅቷል፣ ከዚህ በላይ አይችልም» ይባላል። የዲጂታል ስልክ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያስተምራል። ሽቦው ለረጅም ዘመን የተሰጠው ሥራ ከአቅሙ እጅግ ያነሰ ነበር።

ስልክ የተሠራው ለድምፅ ነው። ንግግር እንዲሰማ ከ300 እስከ 3,400 ሄርዝ ያለው ይበቃል ተብሎ የቀረው ይቆረጥ ነበር። የሚቆርጠው ደግሞ ሽቦው ሳይሆን ማዞሪያ ጣቢያው ያለው መሣሪያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1937 ፓሪስ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ መሐንዲስ አሌክ ሪቭስ ድምፅን ወደ ቁጥር የመለወጥ ሐሳብ አመጣ። በኋላ እንደጸናው ስሌት፣ ድምፁ በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልክ በ8 ቢት ይጻፋል። አንድ ጥሪ በሰከንድ 64,000 ቢት ሆነ ማለት ነው። ሐሳቡ ግን ከዘመኑ ቀድሞ ነበርና ትራንዚስተር እስኪመጣ ጠበቀ።

በ1962 አሜሪካ ውስጥ የቤል ኩባንያ ቲ1ን ሥራ ላይ አዋለ። 24 ጥሪዎች ተራ በተራ እየገቡ በሁለት ጥንድ ሽቦ አብረው ይጓዙ ጀመር። አውሮፓ በኋላ ያወጣችው ኢ1 ደግሞ 30 ጥሪ ይይዛል፤ ሁለት ተጨማሪ ቻናሎች ተራ ለማስጠበቅና ለጥሪ ምልክት ያገለግላሉ። ሽቦው ያው መዳብ ነው፤ የተለወጠው መስመሩ ላይ የሚገጠመው ዕቃ ነው።

ይህ ሁሉ ግን በማዞሪያዎች መካከል ነበር። ቤት የሚደርሰው መስመር እንደ ድሮው ቀረ። በ1980ዎቹ የመጣው አይኤስዲኤን ዲጂታሉን እስከ ቤት አደረሰው፦ ባለ 64 ሺህ ቢት ሁለት ቻናሎች፣ ለምልክት ደግሞ 16 ሺህ። በአንዱ እየተነጋገሩ በሌላው ዳታ መላክ ተቻለ። ጀርመን ውስጥ በሰፊው ገባ። ይሁን እንጂ አሁንም መስፈሪያው የስልክ ጥሪ ነበር፤ ዳታውም ማለፍ ያለበት ለድምፅ በተሠራው ማዞሪያ ነው።

በ1980ዎቹ መጨረሻ የቤልኮር ተመራማሪው ጆሴፍ ሌችላይደር አንድ ነገር አስተዋለ። ማዞሪያው አጠገብ ብዙ ሽቦ ታጭቆ ስለሚገኝ፣ ከቤት ደክሞ የሚመጣው ምልክት በጎረቤቶቹ ጫጫታ ይዋጣል። ስለዚህ ወደ ቤት የሚወርደው ይስፋ፣ ከቤት የሚወጣው ይጥበብ አለ። ኤዲኤስኤል የተወለደው ከዚህ ነው። ድምፁ ከታች ባለው ድግግሞሽ ይሄዳል፤ ዳታው ከላይ እስከ 1.1 ሚሊዮን ሄርዝ ይጠቀማል፤ ከማዞሪያው በፊትም ይለያያሉ። በዚያው ሽቦ በሰከንድ እስከ 8 ሚሊዮን ቢት ወረደ። አዲስ አበባ ውስጥ ከመደበኛ ስልክ ጋር የምትሰካው ትንሽ ማጣሪያም ሥራዋ ይኸው ነው፤ ሁለቱን ትለያለች።

የሚገርመው፣ ረጅም መስመሮች ላይ ድምፅ እንዲጠራ ተብለው የተገጠሙ ጥቅል ሽቦዎች ኤዲኤስኤልን ያፍኑ ስለነበር መነቀል ነበረባቸው። የትናንቱ መፍትሔ የዛሬ እንቅፋት ሆነ።

መዳብ ወሰን የለውም ማለት አይደለም። ከማዞሪያው አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ሲርቅ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ፋይበር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ነገር ግን ፋይበርም ቢዘረጋ ፍጥነቱን የሚወስነው ጫፉ ላይ የሚቀመጠው መሣሪያ ነው። ስለዚህ ኔትወርክ ሲዘገይ «ሽቦው ምን ያህል ይችላል?» ከማለት በፊት «ጫፉ ላይ ያለው ምን ያህል ይፈቅዳል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።