ማታ 2 ሰዓት ስንት ሰዓት ነው?

እስቲ በጥያቄ እንጀምር። የምትወዱት ድራማ ማታ 2 ሰዓት ላይ ይጀምራል፤ እናንተ ግን ለቅሶ ቤት ናችሁ። የዲሹ ሪሲቨር ላይ ፍላሽ ሰክታችሁ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ራሱ እንዲቀዳላችሁ ልታዙት ነው። ስንት ሰዓት ብላችሁ ትሞሉለታላችሁ? «2:00» ያላችሁ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ! የሌሊት 8 ሰዓት ፕሮግራም ቀድታችኋል።

እኔ ስለ መቅጃ ዕቃ ማውራት ከጀመርኩ የማላቆም ሰው ነኝ። ጓደኞቼ የማን ስልክ ካሜራ ይበልጣል ብለው ሲከራከሩ እኔ ስለ ታይመር አነሳለሁ። ዛሬም ላነሳ ነው። ግን ታገሡኝ፤ ጨዋታው መጨረሻ ላይ አክስቴ ቤት፣ ሌሞ ያደርሰናል።

ከሥሩ እንነሳ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም ነው። ለረጅም ዘመን ጣቢያው አንድ፣ ሥርጭቱም የምሽት ብቻ ነበር። ያመለጣችሁ ፕሮግራም አመለጣችሁ፤ የሚቀራችሁ በማግስቱ ካየ ሰው አፍ መስማት ነው። (እናቴ «ሰዎች የተረኩልኝ ድራማ ራሴ ካየሁት ይጥመኛል» ትላለች። እውነቷን ሳይሆን አይቀርም፤ ያየሁት ሁሉ እንደተተረከልኝ ጥሩ አልነበረም።) ጃፓኖቹ ግን ይህን ችግር በራሳቸው መንገድ ፈቱት። ሶኒ እ.ኤ.አ በ1975 ቤታማክስን፣ ጄቪሲ ደግሞ በዓመቱ ቪኤችኤስን ይዘው መጡ። እኛ ሁለቱንም በአንድ ስም ጠቀለልናቸውና «ዴክ» አልናቸው። ዴክ ማለት ከቲቪው ሥር የሚቀመጥ፣ ዳንቴል የሚለብስ፣ ልጅ የማይነካው ዕቃ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ዴክ ፍርድ ቤት ቆሟል። ዩኒቨርሳልና ዲዝኒ «ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ፕሮግራማችንን ከቀዳ እኛ ምን እንበላለን?» ብለው ሶኒን እ.ኤ.አ በ1976 ከሰሱ። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደርሶ በጥር 1984 ተቋጨ፤ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ሶኒ አሸነፈ። ዳኞቹ ያሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ ሰው በራሱ ሰዓት ለማየት ብሎ ቤቱ ውስጥ ቢቀዳ ሌባ አይባልም። አንድ ድምፅ ወዲያ ቢዞር ኖሮ የመቅጃ ታሪክ ሌላ በሆነ ነበር።

እኛ ጋ የከሰሰም የተከሰሰም የለም። የእኛ ጣጣ ሌላ ነበር፤ ሰዓት።

ዴክ ታይመር አለው። ቀንና ሰዓት ትሞሉለታላችሁ፣ ራሱ ተነስቶ ይቀዳል። ግን ዴኩ የሚያውቀው ቀን ከእኩለ ሌሊት ሲጀምር ነው። የእኛ ቀን የሚጀምረው ደግሞ ሲነጋ ነው። ማታ 2 ሰዓት ለእሱ 20:00 ነው። የማታ ሰዓት ላይ 18 ደምሩ፣ የቀን ሰዓት ላይ 6 ደምሩ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ካለፈ ደግሞ 6 ቀንሱና ቀኑን ወደሚቀጥለው አዙሩ። ቀኑስ? መስከረም 17 ብላችሁ አትሞሉለትም፤ ሴፕቴምበር 27 ነው፣ አንዳንድ ዓመት ደግሞ 28። እንግዲህ አንድ ድራማ ለመቅዳት ይህን ሁሉ ሒሳብ መሥራት ነበረባችሁ። አጎቴ በደጉ ዘመን የገዛውን ዴክ ታይመር አንድ ጊዜ ብቻ ሞክሮታል። «2:00» ብሎ ሞላና ተኛ። ጠዋት ሲከፍተው ሙሉ ካሴት፣ የሦስት ሰዓት ካሴት፣ ሥርጭት ካበቃ በኋላ ያለው ነጭ ነጠብጣብና ሽሽታ ብቻ ተቀድቶበታል። ከዚያ ወዲህ ታይመሩን አልነካውም። ቤት የሚቀር ሰው ይመደብና፣ ሰዓቱ ሲደርስ ቁልፉን በጣቱ ይጫናል።

መብራት ሲጨመርበት አስቡት። መብራት ሄዶ ሲመጣ ዴክ ሁሉን ነገር ይረሳል፤ «12:00» እያለ ብልጭ ድርግም ሲል ይኖራል። በዓለም ዙሪያ የተቀለደበት ነገር ነው፤ የእኛ ቀልድ ግን አንድ ደረጃ ይጨምራል። ለዴኩ 12 ሰዓት እኩለ ቀን ወይም እኩለ ሌሊት ነው፣ ለእኛ ግን ንጋት ወይም ምሽት። ቆሞ እንኳ ከእኛ ጋር አይስማማም።

ፈረንጆቹም ታይመር አስቸግሯቸው ስለነበር እ.ኤ.አ በ1990 አንድ መላ መጣ። ጋዜጣው ከእያንዳንዱ ፕሮግራም ጎን ቁጥር ያትማል፤ ቁጥሩን በሪሞት ስትሞሉ ዴኩ ቀኑንም ሰዓቱንም ጣቢያውንም ያውቀዋል። ይህ ዘዴ ይገርመኛል። ሰዓት ማስላትን ከተመልካቹ ትከሻ አውርዶ ጋዜጣው ላይ ጫነው። ግን የሚሠራው የሳምንቱን ፕሮግራም አስቀድሞ የሚያሳውቅና ባለው ሰዓት የሚያሳይ ጣቢያ ካለ ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ቀጥሎ ካሴቱ ራሱ ቀረ። በ1991 ዓ.ም መጋቢት ላይ (በነሱ 1999) ቲቮ የሚባል ሣጥን አሜሪካ ውስጥ ገበያ ላይ ዋለ። ተፎካካሪው ሪፕሌይ ቲቪም የዚያው ዘመን ልጅ ነው። ሁለቱም በካሴት ፋንታ ሀርድ ዲስክ ነበራቸው። ቀጥታ ሥርጭት አቁማችሁ ቡና ታፈላላችሁ፣ ተመልሳችሁ ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ። የድራማውን ስም ብቻ ትነግሩታላችሁ፣ ሰዓቱ ቢቀየር እንኳ ተከታትሎ ይቀዳል። እኔ ይህን ሳነብ መጀመሪያ የቀናሁት በሀርድ ዲስኩ ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ተአምሩ ዲስኩ ላይ አልነበረም። ሣጥኑ በስልክ መስመር እየደወለ የሚቀጥሉትን ቀናት የፕሮግራም ዝርዝር ያወርዳል። ሰዎች በየወሩ የሚከፍሉት ለዚያ ዝርዝር ነው። የሆነ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ «ሐሙስ በዚህ ሰዓት ይህ ይታያል» ብሎ የሚጽፍ፣ ቃሉንም የሚጠብቅ ሰው ከሌለ ቲቮ ተራ ዲስክ ነው።

ሪፕሌይ ቲቪ ደፋር ነበር። ማስታወቂያ ራሱ እየዘለለ የሚያሳይ ሞዴል አወጣና እ.ኤ.አ በ2001 ትልልቆቹ ጣቢያዎች ከሰሱት፤ አምራቹ ሶኒክብሉ በ2003 ከሰረ። መሥራቹ አንቶኒ ዉድ ግን ቆይቶ ሮኩን ይዞ ተመልሷል። ቲቮ ደግሞ በ2004 ራሱን አጋለጠ። በሱፐር ቦውል የእረፍት ሰዓት የጃኔት ጃክሰን ልብስ የተገለጠበት ቅጽበት ከሁሉ በላይ ተመልሶ የታየ ሆኗል ብሎ በኩራት ተናገረ። ተመልካቹ «ቆይ፣ አንተ ወደ ኋላ እንዳጠነጠንኩ በምን አወቅህ?» አለ። ለካ ሣጥኑ እኛ እሱን ስናይ እሱም እኛን ያያል።

ማስታወቂያ መዝለልን በተመለከተ፣ ለእኛ አገር ብዙም አይረባም ባይ ነኝ። የእኛ ማስታወቂያ ፕሮግራሙ ውስጥ ነው ያለው። አቅራቢዋ ከእንግዳው ጋር እያወራች መሀል ላይ ፈገግ ብላ የስፖንሰሮቹን ስም ትዘረዝራለች። ማንን ትዘላላችሁ?

እኛ ዘንድ ቲቮ በስሙ አልመጣም። መቅጃ የመጣልን በዲሽ ሪሲቨር በኩል፣ ከፊት ወይም ከኋላ ባለች የፍላሽ ቀዳዳ ተደብቆ ነው። ብዙ ሰው ያቺን ቀዳዳ የመዝሙርና የፊልም ማጫወቻ አድርጎ ነው የሚያውቃት። ሪሞቱ ላይ ያለችውን ቀይ ነጥብ ጫን ብትሏት ግን ይቀዳል። እነሆ የእኔ ፍርድ፣ በዓመታት ልምድ የተደገፈ፦ ከሁሉ የሚበልጠው አገልግሎት ይህ ርካሹ ነው። የሚቀዳው ፋይል ኮምፒውተር ላይ ከተከፈተ የእናንተ ነው፤ ለጎረቤት ይሰጣል፣ ጆሃንስበርግ ይላካል። ፍላሹ በፋት32 የተዘጋጀ ከሆነ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት ስለማያልፍ ረጅም ፕሮግራም ይቆራረጣል፤ ይሁን፣ ይቆራረጥ። የፕሮግራም ዝርዝር የሚባለውን ቁልፍ ግን እርሱት። የእኔ ሪሲቨር ላይ ለአገር ውስጥ ጣቢያ ስጫነው አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ገጽ ነው የሚያሳየኝ። ስለዚህ በእጄ እሞላለሁ፦ ከተባለው ሰዓት 15 ደቂቃ ቀድሜ፣ 40 ደቂቃ አሳልፌ። ዜናው ሲረዝም የድራማው መጨረሻ እንዳይቀርብኝ ነው። ያ የጋዜጣ ቁጥር እኛ ጋ ቢመጣ ኖሮም በዚሁ ምክንያት አይሠራም ነበር።

2008 ዓ.ም የሚገርም ዓመት ነው። በሚያዝያ ወር አካባቢ ቃና ቲቪ ተከፍቶ አገሩ ሁሉ ማታ ማታ የቱርክ ቤተሰብ ጣጣ ተከታታይ ሆነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ ዴክ ማምረት ያላቆመው የመጨረሻው ኩባንያ፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ ምርቱን አቆመ። የሚቀዳ ነገር በበዛበት ዓመት ዴክ አለቀ። ቲቮም ቢሆን በ2025 እ.ኤ.አ ሣጥን መሸጡን ትቷል። ዛሬ ያመለጠውን ሰው ሁሉ ዩቲዩብ ላይ ይፈልገዋል።

«ታዲያ ምን አስጨነቀሽ?» ትሉኝ ይሆናል። ዩቲዩብ ላይ የሚገኘው ሌላ ሰው ሊጭነው የወደደው ነው፤ የቀረውን ማን ያስቀምጥልናል? በ2013 ዓ.ም የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በዲኤስቲቪ ሲተላለፍ ጨዋታዎቹ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ነበር የተደረጉት። ሀዲያ ሆሳዕና ሊጉ ውስጥ ነበር። ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ያለችው ሆሳዕና ግን በስሟ የሚጫወተውን ቡድን ያን ዓመት በስክሪን ብቻ አየችው። ለልጅ ልጅ ላሳይ ቢል አንድ ደጋፊ በእጁ ምን አለ?

ሌሞ ደርሰናል። ሌሞ ሆሳዕናን የከበባት ወረዳ ነው። በዚያ አካባቢ፣ ከምባታም ጭምር፣ ደቡብ አፍሪካ ልጅ ወይም ወንድም የሌለው ቤት ማግኘት ይከብዳል። መቅጃ በእኛ ዘንድ ትልቁን ሥራ የሠራው ለእነሱ ነው። ሠርጉ ይቀረጽና ካሴቱ መንገደኛ ተፈልጎ ይላካል። ሊመጣ ያልቻለ ልጅ የእኅቱን ሠርግ እዚያ ሱቅ ጀርባ ተቀምጦ ያየዋል። አክስቴ ቁም ሳጥን ውስጥ የራሷ ሠርግ በቪኤችኤስ አለ፤ ጠርዙ ሻግቷል፣ ዴኩም ተበላሽቷል፣ ጠጋኝም ጠፍቷል። ግን አዲስ አበባ ወስጄ ደህና ዴክ ያለው ሰው ጋ ሳስገለብጠው መሀል መሀል እየተንቀጠቀጠ ታየ። ጋሼ፣ ባሏ፣ ፀጉሩን ጎፈሬ አድርጎ ሲጨፍር።

ጋሼ ከጥቂት ዓመታት በፊት አረፈ። ከማረፉ በፊት በነበረው ያሆዴ፣ ከመስቀል ጋር በሚውለው የሀዲያ ዘመን መለወጫ፣ የቴሌቪዥን ጋዜጠኞች መጥተው ስለ በዓሉ አናግረውት ነበር። 40 ሰከንድ ቢሆን ነው። የልጁ ስጦታ የሆነው አዲሱ ቲቪ ሪሲቨር የተገጠመለት፣ መቅጃም ያለው ነበር። ሰዓቱን ያሰላሁት እኔ ነኝ፤ 18 ደምሬ። ፍላሽ ሰካን፣ ቀዳን፣ ሰው ሁሉ እያየ ሳቀ። ጋሼ ራሱን አይቶ «እንዲህ ነው እንዴ የማወራው?» አለ።

በዓመቱ መብራት ሄዶ ሲመለስ ቲቪው ተቃጠለ። አክስቴ አልደነገጠችም፤ «ፍላሹ አለ አይደል?» አለች። ፍላሹን ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት። ፋይሉ አለ፣ መጠኑ ይታያል፣ አይከፈትም። ሌላ ቲቪ ላይ ሞከርኩ፣ አይከፈትም። ቀስ ብዬ ሳጣራ ገባኝ፦ እንዲህ ያሉ ቲቪዎች የቀዱትን ቆልፈው ነው የሚያስቀምጡት፤ ቁልፉ ያለው እዚያው የቀዳው ቲቪ ውስጥ ብቻ ነው። ተመሳሳይ ሞዴል እንኳ አይከፍተውም። የባለመብቶቹን ንብረት ለመጠበቅ ነው ይባላል፤ ያ የ5 ለ 4ቱ ክርክር በጓሮ በር ተመልሶ መምጣቱ ነው። ዳኛ ግን አልነበረበትም።

ለአክስቴ ማስረዳት ነበረብኝ። ዝም ብላ ሰማችኝና «ባሌ ነው፣ ቤቴ ነው የተቀዳው፣ ፍላሹን የገዛሁት እኔ። ማንን ነው የማስፈቅደው?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ጣቢያው ዘንድ ጠይቄያለሁ፤ እንፈልጋለን ተብያለሁ። አንድ የቲቪ ጠጋኝ ደግሞ ያው ቦርድ ራሱ ነፍስ ከዘራ ሊከፈት ይችላል፣ በሌላ ቦርድ ከተቀየረ ግን ተስፋ የለውም አለኝ። ቦርዱን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ግን እርግጡን አልተናገረም።

ባለፈው መስቀል ስሄድ ቲቪው ጓዳ ውስጥ በነጠላ ተሸፍኖ አገኘሁት። ፍላሹን ከሠርጉ ካሴት ጋር በአንድ ፌስታል ቋጥራ አስቀምጣዋለች። ቆራሌው ሦስት ጊዜ መጥቶ ቲቪውን ጠይቋታል። አልሸጥም ብላለች።